ህፃኑ ሲንቀጠቀጥ ማን ይየው? የስልክ ቪዲዮ፣ ኤአይ፣ የቤት ካሜራና ኢኢጂ ሲነጻጸሩ

የአምስት ወር ህፃን ከእንቅልፉ ነቅቶ ገና ጡት ሳይዝ አንገቱን ድንገት ወደ ፊት ይደፋል፣ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። አንድ ወይ ሁለት ሰከንድ ነው። ይለቀዋል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ያንኑ ይደግማል፣ እንደገናም፣ እንደገናም። አያት "ደንግጦ ነው" ይላሉ። ጎረቤት "ቁርጠት ነው፣ ሆዱን እሹት" ትላለች። ጤና ጣቢያ ሲደረስ ልጁ ለነርሷ እየሳቀላት ነው።

ብዙ ጊዜ እውነትም ምንም አይደለም። ጤነኛ ህፃን በእንቅልፉ ይፈራገጣል፣ ድምፅ ሲሰማ ይበረግጋል፣ ወተት ሲመለስበት ጀርባውን ይለጥጣል። አንዳንዴ ግን ኢንፋንታይል ስፓዝም የሚባለው የሚጥል ህመም ነው። በብዛት የሚጀምረው ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጄምስ ዌስት በ1841 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ይህን ህመም ሲገልጽ የጻፈው ስለ ገዛ ልጁ ነበር፤ ዛሬም ዌስት ሲንድረም ይባላል። መድኃኒት አለው፦ ኤሲቲኤች የሚባለው ሆርሞን፣ ከፍ ባለ መጠን የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን፣ ቪጋባትሪን። ዋናው ጣጣ ጊዜ ነው። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የልጁ የአእምሮ ዕድገት የባሰ ይጎዳል። "እስኪ ትንሽ እንየው" እያሉ ሳምንታት ማሳለፍ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

አሁን ደግሞ "ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቪዲዮ አይቶ ይለያል" የሚል ወሬ መጥቷል። ወሬው ውሸት አይደለም። ግን በአንድ ስም ብዙ የማይገናኙ ነገሮች ተጠቅልለው እየተሸጡ ስለሆነ ወላጅም፣ የሕፃናት ክፍል የሚመራ ሰውም ግራ ቢጋባ አይገርምም። ስለዚህ ከዕቃው በፊት መስፈርቱን እናስቀምጥ።

መጀመሪያ ዕድሜውን እንለይ

አራስና የስድስት ወር ልጅ በዚህ ጉዳይ አንድ አይደሉም። ይህን ያልለየ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወሬውን እዚያው ማቆም ትችላላችሁ።

አራስ ላይ፣ በተለይ ሲወለድ የታፈነ ልጅ ላይ፣ አብዛኛው የአንጎል መናወጥ (ሐኪሞች ሲዠር የሚሉት) ከውጭ አይታይም። አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ላይ ተሠርቶ በ2008 የወጣ ጥናት በኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚመዘግበው ምርመራ) የተመዘገቡ 526 መናወጦችን አብሮ ከተቀረጸው ቪዲዮ ጋር አስተያይቷል። በቪዲዮው ላይ ምልክት የታየባቸው 34 በመቶው ብቻ ናቸው። የክፍሉ ሠራተኞች በጊዜው በትክክል የለዩት ደግሞ 9 በመቶውን። በዓመቱ የወጣ ሌላ ጥናት ለ137 የጤና ባለሙያዎች 20 አጫጭር የአራስ ቪዲዮዎች አሳየ፤ በአማካይ 10ሩን መለሱ። ዘውድና ጎፈር ብሎ ከመገመት አልተሻለም ማለት ነው። እነዚህ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ችግሩ ዓይን የማያየው ነገር መሆኑ ላይ ነው። ካሜራውም ያው ዓይን ነው፣ ከኋላው የፈለገ ኤአይ ይቀመጥ።

ከጥቂት ወራት በላይ ያለ ልጅ ላይ ግን ነገሩ ይቀየራል። ስፓዝም በአብዛኛው በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ነው። ይታያል፣ ግን ሌላ ነገር ይመስላል። ቪዲዮ የሚያይ ኤአይ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው።

መስፈርቶቹ

አንደኛ፣ በማን ላይ ተፈተነ? "በሚጥል ህመም ላይ ተፈትኗል" አይበቃም። በጨቅላ ላይ? በየትኛው ዓይነት? የልጃችንን የቆዳ ቀለም፣ የቤታችንን ደብዛዛ አምፖል፣ በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ አይቶ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም።

ሁለተኛ፣ ስንቱ ያመልጠዋል፣ ስንቴስ በከንቱ ያስደነግጣል? ሁለቱም ቁጥር አንድ ላይ ካልተነገራችሁ ምንም አልተነገራችሁም።

ሦስተኛ፣ ከመልሱ በኋላ ምን ይከተላል? እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይህን ነው። አንድ አማራጭ ልጁን ወደ ምርመራና መድኃኒት በስንት ቀን ያቀርበዋል? ቀን የማይቀንስ ቴክኖሎጂ ጌጥ ነው።

ከዚያ ወጪውና መገኘቱ አለ። የልጁ ቪዲዮ ማን እጅ እንደሚገባም እንዲሁ። ወደ አማራጮቹ እንግባ።

በስልክ ቀርጾ ለሐኪም ማሳየት

ርካሹ ይህ ነው። አብዛኛው ሰው ሊጀምርበት የሚገባውም ይኸው ነው። ልጁ ሐኪሙ ፊት ላይንቀጠቀጥ ይችላል፤ ቪዲዮው ግን የሆነውን ያሳያል። ሐኪምም ቢሆን "እጁን እንዲህ እንዲህ ያደርጋል" የሚለውን ትረካ ከመስማት አሥር ሰከንድ ቪዲዮ ቢያይ ይመርጣል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንዱ የሚያየው ሰው ነው፤ የሕፃናት ነርቭ ሐኪም በአገራችን ጥቂት ነው፣ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው የቪዲዮው ጥራት ነው፤ ይህንን ግን ማሻሻል በእናንተ እጅ ነው። ብርድ ልብሱን ግለጡ፣ ጋቢውን ፍቱ፤ ፊቱ፣ ሁለቱም እጆቹና ሁለቱም እግሮቹ አንድ ላይ ይታዩ። መብራት አብሩ። ስልኩን በጎን ያዙት። አንዴ ሲያደርገው አይታችሁ አታቋርጡ፣ ድግግሞሹ እስኪያልቅ ቅረጹ፤ ስፓዝምን ከድንጋጤ የሚለየው አንዱ ነገር ተደጋግሞ በረድፍ መምጣቱ ነው። መሐል ላይ አንዳችሁ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ቀስ ብላችሁ ያዙት፦ ተራ መንዘፍዘፍ ሲያዝ ይቆማል፣ የአንጎል መናወጥ ግን ብትይዙትም ከእጃችሁ ሥር ይቀጥላል። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከእንቅልፍ መንቃቱን ወይ አለመንቃቱን ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል።

ቲክቶክ ላይ ለጥፎ "ይህ ምንድን ነው?" ማለቱን ግን ተዉት። መልሱ "ቡዳ ነው" እና "የኔም ልጅ እንዲህ ነበር፣ ተወው" በሚሉት መሐል ይዋልላል፣ ቪዲዮው ደግሞ አይመለስም። ጠበል የምትወስዱትም ውሰዱት፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ቀጠሮውን ግን በዚያ አታዘግዩ።

ለዚሁ ተብሎ የሠለጠነ ኤአይ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ የፓርማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሥር ዓመት በላይ በፊት የአራስ ልጅ እጅ በእኩል ምት ሲወዛወዝ ከቪዲዮው ላይ ምቱን የሚቆጥር ዘዴ ሠርተዋል። ያኔ ኮምፒውተሩ የሚያየው የምስሉን ብርሃን መለዋወጥ ነበር። የዛሬዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የልጁን መገጣጠሚያዎች ነጥብ በነጥብ ተከትሎ የክርንና የጉልበቱን ጉዞ ያነባል። ሌላው ቀድሞ በብዙ ተራ ቪዲዮ የሠለጠነ ትልቅ ሞዴል ይወስድና በጥቂት የህፃናት ቪዲዮ እንደገና ያሠለጥነዋል።

የሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ በርሊን ከሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል ተመራማሪዎች የመጣውና በ2025 የታተመው ነው። ቪዲዮውን ከየት አገኙት ብትሉ፣ ወላጆች በአደባባይ ከለጠፏቸው የማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮዎች። (ቅድም አትለጥፉ ያልኩት እኔው ነኝ፤ እውነቱ ግን ያለ እነዚያ ወላጆች ይህ ሥራ ባልተሠራም ነበር።) ሞዴሉ ስፓዝም ያለባቸውን 141 ልጆች 991 መናወጦችና ህመሙ የሌለባቸውን 127 ልጆች አይቶ ተማረ። ህመሙ ካለባቸው ቅጂዎች 83 በመቶውን ለየ፣ ከሌለባቸው 95 በመቶውን በትክክል "የለም" አለ። ሌሎች 26 ጨቅሎች ላይ በስልክ በተቀረጸ ቪዲዮ ሲፈተን 89 እና 100 በመቶ አመጣ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ አንብቡት። 83 በመቶ ለየ ማለት ከመቶ 17 አመለጠው ማለት ነው። 95 በመቶው ላይ ደግሞ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ህመሙ ከ10,000 ህፃናት ከ2 እስከ 5 ያህሉን ነው የሚይዘው። ኤአይውን የሁሉም ሰው ስልክ ላይ ብንጭነውና 10,000 ጤነኛ ህፃን ቢያይ፣ 5 በመቶው ላይ ቢሳሳት 500 ቤተሰብ በከንቱ ያለቅሳል፤ የእውነት የታመሙት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። "የሁሉንም ልጅ ጠብቁበት" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህ ሒሳብ ትዝ ይበላችሁ። ወላጅ የተጠራጠረበትን ቪዲዮ ብቻ ሲያይ ግን ሒሳቡ በጣም ይሻሻላል፣ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ የታመመው ልጅ ቁጥር ከፍ ያለ ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ኤአይው "አዎ" ካለ ቀጠሮን ለማፋጠን ይጠቅማል፣ "የለም" ካለ ግን ማንንም ማረጋጋት የለበትም። ምርምር ላይ ያለ ነገር ነው፤ ከመተግበሪያ መደብር አውርዳችሁ ልጃችሁን የምትመረምሩበት ዕቃ አይደለም። ሆስፒታላችሁ ጥናት ላይ ካለና ተሳተፉ ካላችሁ ግን አስቡበት።

ቻትቦትን መጠየቅ

ብዙ ሰው ዛሬ የሚያደርገው ይህን ስለሆነ ላልፈው አልችልም። ቪዲዮውን ጭኖ "ልጄ ምን ሆኖ ነው?" ማለት። አጠቃላይ ቻትቦት ለዚህ ሥራ ተብሎ አልተፈተነም። የሚያምር፣ የተረጋጋ አማርኛ ይመልስላችኋል፤ ችግሩም መረጋጋቱ ነው። ጥያቄ ለማዘጋጀት፣ ሐኪሙ የጻፈውን ቃል ለመረዳት ተጠቀሙበት። ራቁቱን የተኛ ልጅ ቪዲዮ አትጫኑበት።

የቤት ካሜራ፣ ካልሲና የእጅ አንባር

እዚህ ሦስቱን አንድ ላይ የምጠቀልላቸው በአንድ ምክንያት ነው፦ ለጨቅላ መናወጥ አልተሠሩም።

"ኤአይ" የተጻፈበት የህፃን ካሜራ አብዛኛው የሚለየው ልጁ መንቃቱን፣ ማልቀሱን፣ መገልበጡን ነው። የእግር ካልሲው የልብ ምትና ኦክስጅን ይለካል፤ ስፓዝም ደግሞ ሁለቱንም ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። በአሜሪካ ለሚጥል ህመም ፈቃድ ያገኘው የታወቀ አንባር የተፈቀደው ለ6 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፣ የሚፈልገውም መላ ሰውነትን የሚያርገፈግፈውን ዓይነት ነው። የአምስት ወር ልጅ እጅ ላይ ትርጉም የለውም።

አንድ ጥቅም ግን አለ። የሚቀርጽና ቅጂውን የሚያስቀምጥ ካሜራ ካላችሁ፣ ሌሊት ያለፋችሁን ነገር ጠዋት መልሳችሁ ቆርጣችሁ ለሐኪም ልትወስዱት ትችላላችሁ። ለዚያ ከሆነ ማንኛውም ተራ ካሜራ ይበቃል፤ ለ"ኤአይ" ተጨማሪ አትክፈሉ።

ኢኢጂ፣ በተለይ ከቪዲዮ ጋር

የመጨረሻው ዳኛ ይህ ነው። አራስ ከሆነ ያለ ኢኢጂ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ስፓዝም ሲጠረጠርም ሂፕሳሪትሚያ የሚባለውን የተዘበራረቀ ሞገድ የሚያሳየው እሱ ነው። ግን ኢኢጂ ሁሉ አንድ አይደለም። ልጁ ነቅቶ ሳለ የተነሳ የሃያና የሠላሳ ደቂቃ ምርመራ ህመሙን ሊስተው ይችላል። ሞገዱ በእንቅልፍ ጊዜ ይበልጥ ይታያል፣ ስፓዝሙ ደግሞ ሲነቃ ይመጣል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ "እንቅልፍና መንቃትን ይጨምራል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ልጁንም እንቅልፍ አጓድላችሁ ውሰዱት። ከዋዜማው ጀምሮ ፀጉሩን ቅቤም ቅባትም አትቀቡት፤ ገመዶቹ አይጣበቁም።

ኤአይ እዚህም አለ፣ ግን የሚያነበው ሞገዱን ነው። ኮርክ ላይ የተሠራው አንሰር የሚባለው ፕሮግራም በአውሮፓ 8 የአራስ ማዕከላት ተፈትኖ ውጤቱ በ2020 ታትሟል። ፕሮግራሙን ያዩ ሠራተኞች መናወጥ ካለባቸው ሰዓታት 66 በመቶውን ለዩ፣ ያላዩት 45.3 በመቶውን። መናወጥ ያለበትን ልጅ ከሌለበት በመለየት በኩል ግን ሁለቱ ቡድኖች የጎላ ልዩነት አልነበራቸውም። ሁለቱንም አንድ ላይ ያልነገራችሁ ሻጭ ግማሹን ነው የነገራችሁ። ለአራስ ክፍል የሚሆነው ቀለል ያለው የኢኢጂ ዓይነት፣ ኤኢኢጂ፣ ከምንም ይሻላል፤ አጭርና ደካማ መናወጥ ግን ያመልጠዋል።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ለማን ይሆናል | ዋናው ድክመት | ወጪ | ቀን ይቀንሳል? |
|---|---|---|---|---|
| ስልክ ቪዲዮና ሐኪም | ከጥቂት ወራት በላይ፣ ለሁሉም ቤተሰብ | የሚያየው ባለሙያ ጥቂት ነው | እጅግ ዝቅተኛ | አዎ፣ ብዙ |
| ለዚሁ የሠለጠነ ኤአይ | ስፓዝም ለተጠረጠረበት ልጅ፣ በጥናት ውስጥ | "የለም" ሲል ሊስት ይችላል | እንደ ጥናቱ | "አዎ" ካለ |
| ቻትቦት | ለጥያቄ ዝግጅት ብቻ | አልተፈተነም፣ ያዘናጋል | ዝቅተኛ | ሊጨምርም ይችላል |
| ካሜራ፣ ካልሲ፣ አንባር | ለማስታወሻ ቅጂ (ካሜራው) | ለጨቅላ መናወጥ አልተሠራም | መካከለኛ | በራሱ አይቀንስም |
| ኢኢጂ ከቪዲዮ ጋር | ለአራስ ግዴታ፣ ለስፓዝም ማረጋገጫ | ማሽንና አንባቢ ባለሙያ ይፈልጋል | ከፍተኛ | ውሳኔውን ራሱ ይሰጣል |

ታዲያ የቱን?

አዲስ አበባ ያላችሁ፦ ቀርጹ፣ በዚያው ቀን ለሕፃናት ሐኪም አሳዩ፣ "ኢንፋንታይል ስፓዝም ሊሆን ይችላል ወይ?" ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። ስሙን መጥራት ሰልፍ ሊያሳጥር ይችላል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለኢኢጂ አስቀምጡት።

ክፍለ ሀገር ያላችሁ፦ ቪዲዮው ከእናንተ ቀድሞ ይጓዝ። የአካባቢው ሐኪም ሪፈር ከመጻፉ በፊት ለሚያውቀው ባለሙያ ቢልከው፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጥታችሁ "ቀጠሮ ያዙና ተመለሱ" ከመባል ትድናላችሁ።

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይ እስራኤል ያላችሁ፦ እዚያ ማሽኑ አለ፣ የሚያዘገየው ቀጠሮው ነው። ለሐኪሙ በሚላክ መልእክት ቪዲዮውን አያይዙ፣ ወር የሚፈጅ ቀጠሮ ከሰጧችሁ በድንገተኛ ክፍል በኩል ግቡ። እንግሊዝኛው ወይ ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ቪዲዮው ራሱ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

ልጃቸው ምርመራውን ጨርሶ መድኃኒት የጀመረላቸው፦ ካሜራ ለእናንተ ይጠቅማል። መድኃኒቱ ሠርቷል ወይ የሚለውን ለመከታተል በየጠዋቱ ሲነቃ ያለውን አሥር ደቂቃ ቅረጹ። ስፓዝሙ ቢጠፋም ግን ኢኢጂው ይደገም፤ ዓይን የማያየው ሊቀር ይችላል።

ለአራስ ክፍል ዕቃ የምትገዙ፦ ቪዲዮ የሚያይ ኤአይ አትግዙ፣ ገና ነው። ያ በጀት ለኤኢኢጂና ለሚያነበው ሰው ሥልጠና ይዋል። ሻጭ ከመጣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ስንት ጨቅላ ላይ ተፈተነ፣ የእኛን ክፍል በሚመስል ቦታ ላይስ? መብራት ሲጠፋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ይሆናል? የልጆቹ ቪዲዮ የሚቀመጠው የት አገር ሰርቨር ላይ ነው? በወረቀት ካልመለሰ ሻይ ጠጥቶ ይሂድ።

ምንም ዓይነት ንጽጽር የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ልጁ ከጠቆረ ወይ መተንፈስ ካቃተው፣ ወይም አራስ ከሆነ አትቅረጹ፣ ሂዱ። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪትም አትጫሩበት። አዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101።